ኩላሊት ያጤሰውን

በርገን ላይ ይዘንባል። መች ያባራል ደግሞ፤
ሰባቱ ተራራ ደመና ጠምጥሞ
ቁልቁል ያየናል።
እኔ ግን ከሥር ነኝ፣ ምድር ቤት፣ ከሆስፒታሉ ጓዳ፣
በሰዓት ተከፍሎኝ የሰው ሕመም በአፌ የምቀዳ፣
ከአማርኛ ወደ ኖርዌጅኛ፣ ከዘመድ ወደ ባዳ።

አቶ ድልነሳው በጀርባው ተንጋሏል፣
ሸሚዙ እስከ ደረቱ ወደ ላይ ተጠቅልሏል።
ከብሽሽቱ በላይ፣ ከጠባሳው በታች፣
የእኅቱ ኩላሊት ዘጠኝ ዓመት ከርማለች።

«ማን ነበር የሰጠው?» ብላ ጠየቀች ሲግኔ።
«ቤተሰብ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤
«ቤተሰብ» አልኩ እኔም። ሥራዬ ነው፣ አልጨምርበት።
ግን ኮሪደሩ ላይ ሳልጠይቀው ነግሮኛል፦
ትርንጎ ናት ስሟ። በአባታቸው ቤት፣ ደብረ ብርሃን ባለው፣
ተካሰው፣ እሱ ረትቶ፣ ይኸው አራት ዓመት
አንድ ቃል አልተለዋወጡም።
ኩላሊቷ ግን የክሱን ወሬ አልሰማችም፤
ሌት ተቀን ታጣራለች፣ አንድ ቀን አልቀረችም።

ሲግኔ ብልቃጥ ነቀነቀች፤ ውኃው ወተት መሰለ።
«አረፋ ነው በዪው። ከደም ሕዋስ ያነሰ፣
ጋዝ የቋጠረ። በክንዱ ደም ሥር ይገባል፤
ኩላሊቱን አይጎዳም፣ በሽንትም አይወጣም፣
ሥራውን ሲጨርስ በትንፋሹ ይሄዳል።»
«አረፋ» አልኩት።
«የሳሙና ነው የጠላ?» ብሎ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤
መዳሰሻው ከቆዳው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።
ሲግኔ ቅንድቧን አነሣች፣ ትርጉም ጠበቀች።
ሳቅ አይተረጎምም፤ ዝም አልኩ።

መጣ።
በጥቁሩ ስክሪን ላይ መጀመሪያ እንደ ግንድ፣
ከዚያ እንደ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን እንደ ጉም፣
ከዚያ ቅርፁ ሁሉ በነጭ ጢስ ተሞላ።
ልጅ ሳለሁ እሰማ ነበር፣
ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የሚያውቅ እሱ ነው ሲሉ።
ኩላሊት ምን ያጤሳል? ማገዶው የታለ?
እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።
ይኸው ጤሰ።

«አሁን አጠፋዋለሁ» አለች። «ትንፋሽ ይያዝልኝ።»
«ትንፋሽ ያዝ» አልኩት፤ የራሴም አብሮ ተያዘ።
አንዲት ቁልፍ ተጫነች።
ብልጭ አለ። ጨለመ።
አረፋው በሙሉ ፈነዳ፤ ድምፅ የለ፣ ምንም የለ።
የሚለካው ይሄ ነው። ያለው አይደለም፤
ከጠፋ በኋላ የሚመለሰው፣ በስንት ሰከንድ።
አንድ።
ሁለት። ዳሩ ፈካ።
ሦስት። አራት። መሀሉ ገና ነው፣
በሩን ዘግቶ እንደ ተቀመጠ ቅያሜኛ።
ስድስት።
ስምንት ላይ ገርበብ አለ።

ሲግኔ መስመር አሳየችኝ፣ ሽቅብ ወጥቶ የተኛ፤
ዳገቱ ሩጫው ነው፣ አምባው ብዛቱ ነው፣
ሁለቱ ሲባዙ የደሙ ፍሰት ነው።
(ዳገትና አምባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእሷ ቃል ሌላ ነበር፣
ግን ለደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ብዬ ልንገር?)

«ካምናው እንዴት ነው?»
«ትንሽ ዘግይቷል። ሐኪሙ ያነጋግረዋል።»
ተረጎምኩ። ጄሉን ከሆዱ ላይ በወረቀት እየጠረገ
«እሷም እንደዚሁ ናት» አለ፤ «ስትጠራ ትዘገያለች።»
ይህን ለሲግኔ አልነገርኳትም።

ደጅ፣ ከትራም ማቆሚያው ጣራ ሥር፣ ቅጼን ፈረመልኝ፤
አርባ አምስት ደቂቃ።
«ልደውልና አንቺ ንገሪያት» አለኝ።
«በአማርኛ? ምኑን ነው የማስተረጉምልህ?»
መልስ አልሰጠም። ትራሙ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።
ስልኩን አወጣ፤ ዝናቡን በክንዱ ከለለው፤
ትንፋሹን ሳበና፣ ማንም ሳያዘው፣ ያዘው።

እኔም ሳላውቀው መቁጠር ጀመርኩ።
አንድ።
ሁለት።